በገመዳ ፋንታ

«ቅመሺ» አሉ የቀበሌው ጠባቂ ጋሽ ሰንበታ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን በጠመንጃቸው አፈሙዝ ገፋ አድርገው።

ሎሚ ከጨጨብሳው ቆንጠር አድርጋ ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠች፤ አፏን ከፍታ አሳየች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። ለእስረኛ ምግብ የሚያመጣ ሰው በር ላይ ሳይቀምስ አይገባም። ለእስረኛው ነፍስ ሳስተው እንዳይመስላችሁ፤ የሞተ ሰው ተጠይቆ አይመልስም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ ሰንበታ ወዲያው በሩን ይከፍቱላት ነበር። ዛሬ ግን መንገዱን ግራና ቀኝ አይተው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ደስ ይበልሽ አንቺ ልጅ። እናትሽ ቅዳሜ ትወጣለች።»

ሎሚ የምሳ ዕቃውን ክዳን መልሳ ገጠመች። «ገመዳን ያዙት እንዴ?»

«የእሱን ነገር ተዪው። የውትድርናው ኮታ ሞላ፤ ኮታ ከሞላ ደግሞ እናት አስሮ መቀለብ ምን ያደርጋል?» ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «በእሱ ፋንታ የጎረቤታችሁን፣ የአረጋሽን ልጅ ወዬሳን አስገቡት። አሥራ ስምንት ከሞላው ወር አልሆነው። መኪናው መጥቷል፤ ነገ ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚያነሡት። ይህን ከእኔ ሰማሁ ካልሽ እኔም የለሁ፣ አንቺም የለሽ። ሆድ ይፍጀው።»

ደግ ያደረጉ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ጋሽ ሰንበታ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ባለመሆናቸው ግን እስከዚያን ቀን ድረስ የተጠቀመ ሰው የለም።

የሎሚ ወንድም ገመዳ ሃያ ዓመቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርናው ሁለተኛ ዙር ስሙ መውጣቱን የሰማ ዕለት በሽንኩርት መኪና ተሳፍሮ ከናዝሬት ወጣ። አዳሚ ቱሉ አጎቱ ዘንድ መሆኑን ከእናቱና ከሎሚ በቀር የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ቀበሌው ልጆቻቸው የጠፉባቸውን አራት እናቶች ለቅሞ አስገባ። አንዷ ልጄ ሐረር ሄደ አለች፤ ሌላዋ አሰብ አለች፤ ሦስተኛዋ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደአማኑኤል የሚጽፈው ነገር ካገኘ ግድ የሌለው ሰው ነበር። ሐረር ብሎ ጻፈ፣ አሰብ ብሎ ጻፈ፣ በሽተኛ ብሎ ጻፈ፤ ሦስቱንም በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው።

የሎሚ እናት ሙሉዬ ግን ጴንጤ ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚዘምሩት ወገኖች ናቸው፤ ሹክሹክታቸው እንጂ አቋማቸው አልለሰለሰም። ልጅሽ የት ነው ስትባል የሰውየውን ዓይን አይታ፦ «የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልነግርህም» አለችው። የጓድ ወልደአማኑኤል እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ቦታ በወረቀቱ ላይ አልነበረውም። እናም ሙሉዬን መልሶ ቆለፈባት።

ሐረር ሄደ ብትል ምን ነበረበት ብላ ሎሚ ጠይቃት ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። እናቷ አዎ ከሆነ አዎ፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ነው፤ ለፈርዖንም ቢሆን አልዋሽም አለቻት። ሎሚ ያን ጊዜ ተናደደች፤ ማታውን አለቀሰች፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። እንዲህ ያለች እናት ያለችው ሌላ ማን አለ?

እስር ቤቱ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ነው። ሲሚንቶው የድሮ መኪና ዘይት ይሸታል። ሙሉዬ ከግድግዳው ተደግፋ ጋቢዋን እስከ አፏ ተከናንባ ተቀምጣለች። ስታስል ከደረቷ ውስጥ ቆርቆሮ የሚጎተት ይመስላል። ሎሚን ስታይ ሳቅ አለች፤ ጨጨብሳውን ከፍታ መብላት ጀመረች።

ሎሚ ጋሽ ሰንበታ ወደ በሩ እስኪመለሱ ጠብቃ፣ የቆሸሸውን ልብስ የምታጣጥፍ መስላ በጆሮዋ ነገረቻት። ቅዳሜ እንደምትወጣ አስቀደመች። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጌታን እያመሰገነች ነበር። ቀጥላ በማን ፋንታ እንደሆነ ነገረቻት። ከንፈሯ ቆመ።

«አረጋሽ ሰምታለች?» አለች እናቷ።

«አልሰሙም።»

ሙሉዬ ጣቷ ላይ የቀረውን ቅቤ እያየች ቆየች። «እንግዲያው አትስማ።»

ሎሚ በደንብ ያልሰማች መሰላት። «እማዬ፣ ይህን ጨጨብሳ የሠሩት እትዬ አረጋሽ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የበላሽው የእሳቸውን እጅ ነው።»

«የማን እጅ እንደሆነ መች ጠፋኝ!» ድምፅዋ ሻከረ። ወደ በሩ አይታ መልሳ ዝቅ አደረገችው። «ስሚኝ ሎሚ። የወዬሳን ስም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ዋሺ አላልኩሽም፤ ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም።»

«ወዬሳን እኮ ይዘውት ሊሄዱ ነው።»

«እሱ ከተደበቀ ኮታው ይጎድላል። ኮታው ከጎደለ ወደ ማን ይመለሳሉ? ወደ ገመዳ። እኔም ከዚህ አልወጣም።» ሳል አቋረጣት፤ እስኪያልፍላት ግድግዳውን ያዘች። «ወዬሳ ጥሩ ልጅ ነው። ጌታ ይጠብቀዋል፤ እጸልይለታለሁ። እኔ የወለድኩት ግን ገመዳን ነው።»

ይህን ስትል ሎሚን አላየቻትም። የቀበሌውን ሊቀመንበር ፊት ለፊት ያየች ሴት የልጇን ፊት ማየት አቃታት፤ የጋቢዋን ጥለት ስትቆጥር ቆየች። ሎሚ የቆሸሸውን ልብስ አነሣች። የምሳ ዕቃው እንደ ወትሮው ባዶ አልነበረም፤ ግማሹ ጨጨብሳ ተርፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነበራት፤ አልሄደችም። ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ቆማ ፈረሶቹ ዝንብ ሲያባርሩ ስታይ ዋለች። ገመዳን አስጠራለሁ ብላም አሰበች። ገመዳ ይህን ቢሰማ በእግሩም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ እናቷ ስለ መታሰሯ እንኳ እንዳይነገረው የከለከለችው ለዚሁ ነው። መጥቶ በዚያ መኪና ላይ ሲሳፈር በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ አልቻለችም። ወዬሳ ሲሳፈርም አየችው። እሱንም አልቻለችም።

ቤት ስትደርስ እትዬ አረጋሽ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ሚዶና ቅቤ ይዘው ይጠብቋታል። ነገ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ የምትነሣበት ቀን ነው። «ነይ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ደስ ሲላቸው በኦሮምኛ ነው የሚጠሯት። «ይህን ጎፈሬ ይዘሽ ፎቶ ብትነሺ ፈታኙ ደንግጦ ይጥልሻል።»

የማታዋ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታቸው በርጩማውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ በሩን ግን እንደ ተከፈተ ተዉት። ሎሚ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገች። እትዬ አረጋሽ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ የሚኖሩ መበለት ናቸው። ጣታቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሁለት ልጆች ቀብረው ሦስተኛውን ወዬሳን አሳድገዋል፤ ስለ ቀበሯቸው ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም።

እናትሽ እንዴት ዋለች ብለው ጠየቁ፤ ታስላለች አለቻቸው። ነገ ትኩስ ወተት በማር እልካለሁ አሉ። ከዚያ ስለ ገበያው፣ ስለ አንዲት ደንበኛ፣ ስለ ቲማቲም መበስበስ እያወሩ ጠጉሯን እየከፈሉ መጎንጎን ቀጠሉ። በየመሀሉ አውራ ጣታቸው ጆሮ ግንዷን ያሻል። እናቷ ከታሰረች ወዲህ እንዲህ የነካት ሰው አልነበረም።

ወዬሳ እጁን በግራሶ አጨማልቆ ገባ። ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ማታ ማታ ሎሚን ሒሳብ ያስጠናታል።

«ሎሚ፣ ያ ኤክስ ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

«እሱም እንደ ገመዳ አዳሜን ትቶ ጠፋ በላ።»

«አፍህን ያዝ አንተ ፋራ» አሉ እናቱ፣ በሚዶው ሊመቱት ቃጥተው። «እናቷ ታስራ እያየህ ትቀልዳለህ?»

«እንዳታለቅስ ብዬ ነዋ። ይልቅ ነገ ማታ ቀደም ብለሽ ነይ፤ የቀረንን ምዕራፍ እንጨርሰው። ከዚያ ፈተናው ራሱ ይፈራሻል።» ጣሳ አንሥቶ እጁን ሊታጠብ ተቀመጠ። ግራሶው በሳሙና አልለቅ ስላለው በአመድ እያሸ ያፏጫል።

ነገ ማታ አለ። ነገ ማታ የት እንደሚሆን ከዚህ ቤት ውስጥ የምታውቀው ሎሚ ብቻ ናት።

«ምነው ትንፋሽሽ?» አሉ እትዬ አረጋሽ። «አጥብቄብሽ ነው? ላላላው?»

«አላጠበቁትም።»

«ታዲያ እዚያ ምን አሉሽ? ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። ሎሚ ይህን ደጋግማ ለራሷ አለችው፤ ባለችው ቁጥር ግን የእናቷ ድምፅ ሆኖ መጣባት፣ ከሳሉ ጋር። እናቷን ቅዳሜ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ አልጋዋ ላይ ስትጋደም፣ ወተቱን ስትጠጣ አየቻት። ወተቱን ያፈላው ማን ነው? እትዬ አረጋሽ አይሆኑም። ዓርብ ጠዋት ልጃቸውን የተነጠቁ ሴት ቅዳሜ ወተት አያፈሉም፤ ወይም፣ እሳቸውን እንደምታውቃቸው፣ ያፈላሉ። ይህኛው ይብሳል።

ብትናገርስ? እናቷ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ትቀራለች፤ እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። የጋሽ ሰንበታም ነገር አለ፤ ከእሳቸው መስማቷ ከታወቀ ሁለቱም የሉም። እትዬ አረጋሽም ሰው ናቸው፤ እናት ናቸው። የእኔ ልጅ ከሚሄድ የእናንተው ይምጣ፣ ወንድምሽ የት እንዳለ ንገሪኝ ቢሏት ምን ልትል ነው? ቢጮኹስ? ቀበሌ ሄደው ቢናገሩስ? እጃቸው ግን አሁንም ጠጉሯ ውስጥ ነው፤ በዝግታ ይከፍላል፣ ይስባል፣ ይጎነጉናል። ግማሹ ራሷ ተሠርቷል፤ ግማሹ እንደ ተበተነ ነው።

«በቃ ተዪው፣ አትናገሪ» አሉ እትዬ አረጋሽ። «ሲቀልሽ ትነግሪኛለሽ። እኔ የትም አልሄድ።»

ሎሚ እጇን አንሥታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች፤ ጉንጉኑ ቆመ።

«ወዬሳ፣ በሩን ዝጋው።»

«ምነው፣ ኤክስን ሰውረሽው ኖሯል?»

«ዝጋውና ና ቁጭ በል።»

ወዬሳ ፊቷን አይቶ ማፏጨቱን ተወ። በአመድ የነጣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በሩን ገፋው፤ መወርወሪያውንም ሳትነግረው ጣለው። ክፍሉ ጨለም አለ። እትዬ አረጋሽ የያዙትን ጠጉር አልለቀቁም፤ ጣታቸው ሲጠብቅ ተሰማት።

ሎሚ ከጉልበታቸው ቀና ብላ ወደ እሳቸው ዞረች፤ ያልተሠራው ጠጉሯ ግማሽ ፊቷን ሸፈነው። ወዬሳን ነገ ጎሕ ሳይቀድ ሊወስደው ከመጣው መኪና ጀምራ ነገረቻቸው። እናትሽስ ምን አለች ብለው ቢጠይቋት የምትመልሰውን ግን ገና አላወቀችም ነበር።