በታንኩ አፍ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ

ሰኞ ጠዋት የሰልጣኞች ፈታኝ የሆኑትን አዛውንት ከብረት ታንኩ ሲያወጧቸው ነፍሳቸው ካለፈች ቆይታለች፤ በቀኝ እጃቸው ግን የቀለም ውፍረት መለኪያቸውን እንደጨበጡ ነበር። ቁስል የለም፣ ደም የለም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አያቸውና፣ አየር አጥተው ነው የሞቱት አለ።

ታንኩ የቆመው በዝገት መከላከያ ማሠልጠኛው ግቢ መካከል ነው። ሰልጣኞች ብረት መፈተግና መቀባት የሚለማመዱት እዚያ ውስጥ ነው። ሰው የሚገባበት አፉ ከትከሻ እምብዛም አይሰፋም፤ አፉ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። «አየሩ ተለክቷል። ኦክስጅን 20.9 በመቶ። መግባት ይቻላል» ይላል፤ ከሥሩ የዋና አሠልጣኙ ባለ ቁጥር ማኅተም አርፎበታል።

የፖሊስ መርማሪው ባትሪ አብርቶ የታንኩን ውስጥ ቃኘ። ግድግዳው ቀለም ያልነካው እርጥብ ብረት ነው፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ፎቶ አነሳ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ የግቢውን ቧንቧ ቢከፍት፣ የወረደው ቀይ ጭቃ የመሰለ ዝገት ነው። ዝገት መከላከል በሚያስተምሩበት ግቢ። ቧንቧውን ዘጋና እጁን በመሀረቡ ጠረገ።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ቢሮ በተቃራኒው ያብረቀርቃል። ከወንበሩ በላይ፣ በወርቅማ ክፈፍ ውስጥ፣ የከፍተኛ ደረጃ የዝገት ተቆጣጣሪነቱ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ሳይጠየቅ ጀመረ። ዓርብ ዕለት ሰልጣኞች ለልምምድ ብለው የታንኩን ግድግዳ ጨው ውሃ ረጭተው ክዳኑን አሽገውት እንደነበር ተናገረ።

«እሑድ ከሰዓት እኔው ራሴ መጥቼ፣ አየር እንዲያገኝ ክዳኑን ከፍቼው ነው የሄድኩት» አለ። «የዕቃ ክፍል ሠራተኛዋ ጠዋት የአየር ማናፈሻውን ታንኩ ውስጥ መክተት ነበረባት። ረሳችው። በቃ፣ ሰው ገደለች።»

የሴትዮዋ የጥፋተኝነት ቃል ተተይቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው።

መርማሪው፣ ግቢው ሁሉ እታለም የሚላትን የዕቃ ክፍል ሠራተኛ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ቀብራ መደርደሪያዎቿ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። የቢሮው ሰዎች ፈርሚና ነገሩ ይብረድ እያሉ ከጠዋት ጀምሮ ይወተውቷታል።

«ማናፈሻ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ጋሼ። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

መርማሪው አላጣደፋትም። እየሰማት ሲሄድ ነገሩ እየተፈታ መጣ። ሟቹ ጠዋት የአየር መለኪያ ጠይቀዋት ነበር፤ ዓርብ ኃላፊው ለጥገና ብሎ እንደወሰደው ነገረቻቸው። ሰውዬው ሄደው ካርዱን አይተው ተመለሱ።

«ከዚያ ሳቅ አሉና፣ ‘የልጄ ማኅተም ነው፤ እዚህ ግቢ ከእሱ ሌላ የማምነው የለኝም’ ብለው ሄዱ» አለች።

ልጄ ያሉት ዋና አሠልጣኙን ነው። ሙያውን ያስያዙት እሳቸው ናቸው፤ ሰልጣኞቹ በነገር አጥባቂነቱ ሚሊሜትር ይሉታል። መርማሪው ማኅተምህ የት ነው ሲለው፣ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን አቀረቀረ።

«የኃላፊው መሳቢያ ውስጥ። የሁላችንም እዚያ ነው» አለ። «ፈተና ሲበዛ ወረቀቱ ቶሎ እንዲያልቅ እሱ ይመታልናል። እኔም... እንቢ አላልኩም።»

መርማሪው የቀድሞዎቹን ካርዶች አስመጣ። የሦስት ዓመት ካርድ፣ በዝናብም በበጋም፣ ሁሉም 20.9 ይላል። አንድ ቀን እንኳ የለካ የለም። እነዚህ እጆች ስንት ድልድይ፣ ስንት የውሃ ታንከር ደህና ነው ብለው እንደመቱበት አሰበ። በልቡ፣ ጌታ ሆይ ይቅር በለን፣ አለ።

ማክሰኞ ታንኩን ደግሞ ሲያየው ቆም አለ። ትናንት ከሰል የነበረው ግድግዳ ብርቱካን መስሏል። ሚሊሜትርን ጠርቶ ጠየቀው።

«እርጥብ ብረት ክፍት ካደረ እንዲህ ይሆናል» አለው። «ታሽጎ ከከረመ ግን ዝገቱ የታንኩን አየር በልቶ ይጨርስና ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው።»

መርማሪው ያኔውኑ ታንኩን በጨው ውሃ አስረጭቶ አሳሸገው።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊውን፣ ሚሊሜትርንና እታለምን ታንኩ ፊት ሰበሰባቸው። ጭንብል ያጠለቁ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክዳኑን ፈትተው ጎን ቆሙ። አፉ ላይ መርማሪው ያሠራው አዲስ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ 20.9 ይላል፤ ማኅተሙ ግን የኃላፊው የራሱ ነው።

«እሑድ ክዳኑን ከፍቼዋለሁ ብለዋል» አለ መርማሪው ድምፁን ሳያነሳ። «ክፍት ቢያድር ሰኞ ጠዋት ግድግዳውን ብርቱካን ሆኖ አገኘው ነበር። ያገኘሁት ጥቁር ነው፤ ፎቶው ይኸው። ታንኩ ከዓርብ ጀምሮ ታሽጎ ከርሞ፣ ሟቹ ሊገቡ ሲሉ ነው የተከፈተው። ለጥገና ወሰድኩት ያሉት የአየር መለኪያ ትናንት ከመሳቢያዎ ወጣ፤ ደህና ይሠራል። አብሮት የነበረው የዋና አሠልጣኙ ማኅተም ነው፤ ይኸው። መለኪያ ባይኖራቸው ሽማግሌው ማንን እንደሚያምኑ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

ሚሊሜትር ማኅተሙን ከመርማሪው እጅ ተቀብሎ ፊቱን ወደ ታንኩ አዞረ።

«የሟቹ ቦርሳ ውስጥ የሚሰረዙ ምስክር ወረቀቶች ዝርዝር አለ» ሲል መርማሪው ቀጠለ። « መጀመሪያው መስመር ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እኔ የአስተዳደር ሰው ነኝ። ብረት አየር እንደሚበላ በምን አውቄ?»

«ከወንበርዎ በላይ የሰቀሉት ወረቀትስ?»

«እሱማ ለወግ ነው። ኮርሱን... አልወሰድኩም።»

«ሕዝቡን ከዝገት የሚጠብቀው ይሄ ነው እንግዲህ» አለች እታለም ለራሷ።

«እንግዲያው ካላወቁ አይፈሩም» አለ መርማሪው። «ካርዱ ይቻላል ይላል። ይግቡ።»

ኃላፊው ሁለት እርምጃ ሄደ። ጥቁሩ አፍ ፊቱ ላይ ሲደቀን፣ ሳያስበው አፍና አፍንጫውን በእጁ ከድኖ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እዚህ ውስጥ ሰው አይገባም!» አለ።

አንደኛው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የአየር መለኪያውን በገመድ ወደ ውስጥ ለቀቀው። መለኪያው ወዲያው አየር የለም ብሎ ይጮህ ጀመር።

«ይህችን ቃል ሰኞ ጠዋት ለሽማግሌው ቢነግሯቸው ኖሮ ዛሬ ፈታኝዎ ሆነው እዚህ ይቆሙ ነበር» አለ መርማሪው። ያን ለእታለም የተተየበ የጥፋተኝነት ቃል ከኪሱ አወጣና ፊርማ በሌለበት በኩል ቀደደው።

ኃላፊውን ሲወስዱት ሚሊሜትር ማኅተሙን መርማሪው መዳፍ ላይ መልሶ አኖረና እጆቹን ለካቴና ዘረጋ። መርማሪው ለዛሬው በካቴና አላሰረውም፤ ተከትሎት እንዲሄድ ብቻ በጣቱ አመለከተው።

የማኅተሙ ቀይ ቀለም የመርማሪው መዳፍ ላይ ታትሟል። ሳያስበው ወደ ቧንቧው ሄደ፤ ዝገቱ ትዝ ሲለው ቆመ። እታለም ከኋላው የላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«እጅዎን ይዘርጉ፣ ጋሼ» አለችው። «ከቤት ያመጣሁት ውሃ ነው።»