ከመኪናው ጣሪያ የተለጠፈው አቡጀዲ

መብራቱ እንደጠፋ ይቆይ፤ ሻማም አታብሩ። እኔ ሰው ፊት ስናገር ስለማፍር ጨለማው ይሻለኛል። አመለወርቅ፣ "ቲቸርም ዛሬ አፍ አወጣች" እያልሽ ሳቂ፤ ግድ የለም። ብቻ ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ አታቁሙ፤ የነገው ሠርግ አይጠብቀንም።

ፀሐይ ገብታለች፤ ጨረቃ አልወጣችም። መንገዱ ከገበያው ወጥቶ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ሰው የለም። ውሻ እንኳን የለም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን መኪና እየነዳ ይመጣል። ስሙ እንግዳወርቅ ነው። በዚያ መንደር መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ምን ያስፈራዋል? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

እንግዳወርቅ እናት ነበሩት፤ እማማ አሰገደች። ከወንዙ ማዶ ተድረው ከመጡ ወዲህ የተወለዱበትን አገር አላዩም።

"ልጄ፣ እስቲ ከጎንህ ልቀመጥና አገሬን አሳየኝ" ይሉታል።

"ነገ፣ እማዬ" ይላል።

ነገም ይመጣል። "ነገ፣ እማዬ" ይላል። ስንት ዓመት? አትጠይቁኝ።

መኪናዋ አርጅታ ነበር። የጣሪያዋ ጨርቅ ለቆ፣ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሎ ሲነዳ አናቱ ላይ ያርፋል። የገበያ ሰው "እንግዳወርቅ ሻሽ አስሮ መጣ!" ይለዋል። ተናደደ። "ታፔዛሪያ ቤት አልሄድም፤ በገዛ እጄ አለብሳታለሁ!" አለ። ቅዳሜ ጠዋት የጣሪያውን ሰሌዳ ፈትቶ በኋላው በር በኩል አወጣው፤ ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ አጋደመው። የድሮውን ጨርቅ ሲገፈው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እንደ በሶ ረግፎ ጢሙን አለበሰው። በብሩሽ አራገፈ፤ ማስቲሽ ቀባ። ከዚያ "ጨርቅ አምጡ!" ብሎ ጮኸ። ጨርቅ ሳያዘጋጅ ማስቲሽ የሚቀባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚስቱ ወደ ቤት ሮጠች። ገና ሙሽራ ናት፤ የተማረች፣ ግን ዓይነ አፋር። እማማ አሰገደች ሣጥናቸውን ከፍተው፣ ነጭ አቡጀዲ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

ያ አቡጀዲ ምን ነበር? አዎ፤ መግነዛቸው ነው። ለሞታቸው ቀን ያስቀመጡት።

"እማማ፣ ይኼማ እኮ…"

"ዝም በይ! ሣጥን ውስጥ ከሚጠብቀኝ መኪናው ውስጥ ይጠብቀኝ። በቁሜ ካልወሰደኝ ሞቼ እሄዳለሁ። አገሬን ሳላይ አርፌ አልተኛም። ለማንም እንዳትናገሪ።"

እንግዳወርቅ ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። ከመሃል ወደ ዳር እየዳበሰ ለጠፈው፤ ሰሌዳውንም መኪናው ውስጥ መልሶ ገጠመው። ሁሉም ተስተካከለ። አንድ ቦታ ብቻ፣ ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር በላይ፣ እንቁላል የምታህል እብጠት ቀረች። ሲጫናት ትጠፋለች፤ ሲለቃት ትመለሳለች።

ክረምቱ ሳይወጣ እማማ አሰገደች ሞቱ። ሣጥናቸው ተከፈተ፤ መግነዝ የለም። ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። ከሱቅ ተገዝቶ ተቀበሩ።

አሁን ወደዚያ መንገድ እንመለስ። እንግዳወርቅ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጨርቁ ተንቀሳቀሰ። "ነፋስ ነው" አለና መስኮቱን ዘጋ። እብጠቷ ቡጢ አከለች። "ማስቲሹ ለቆ ነው" አለ። እብጠቷ ግንባር ሆነች። ከግንባሩ ሥር አፍንጫ ወጣ። የእናቱን አፍንጫ የማያውቅ ልጅ አለ? ከዚያ ጨርቁ አፍ አበጀ፤ አፉም ተከፈተ፦

"ልጄ፣ ነገ ደረሰ?"

እንግዳወርቅ መኪናውን ጣለ፤ ጫማውንም ጣለ፤ ሮጦ ቤቱ ገባ። "ቀዳድጄ አቃጥለዋለሁ!" ብሎ ቢላ አነሳ። ያቺ ዓይነ አፋር ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

"አትነካውም!"

"አንቺ ነሽ እኔን የምትከለክይኝ?"

"እኔ ነኝ! ነገ፣ ነገ ስትላቸው እየሰማሁ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ዝም አልልም። ወይ ውሰዳቸው፣ ወይ ቁልፉን አምጣና እኔ እወስዳቸዋለሁ።"

"መቼ መንዳት ትችይና!"

"እማራለሁ።"

ተማረች። አንድ ጠዋት ብቻዋን ድልድዩን ተሻገረች። ብቻዋን አልኩ እንዴ? ማዶ፣ ጉብታው ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍታ "እማማ፣ ደረስን" አለች። እብጠቷ ቀስ ብላ ተኛች። ጨርቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥ አለ።

አረፉ ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አዎ፣ ያቺ ሚስት እኔ ነኝ። እንግዳወርቅ ጨርቁ የእናቱ መግነዝ መሆኑን ሳያውቅ አለፈ፤ እኔም እስከዚህች ምሽት ለማንም አልተነፈስኩም። ያን ቀን ልመለስ ሞተሩን ሳስነሳ ግን፣ ከጎኔ "ከዚያ ተራራ ማዶስ ምን አለ?" አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አሳያቸዋለሁ። ታፔዛሪያ ሠሪዎቹ "ጨርቁ ተበልቷል፣ ቀይሪው" ይሉኛል። አልቀይርም! የነፍስ አባቴ "ጠበል ይረጭ" አሉኝ። አይረጭም! ስንት ዓመት ቤት የተቀመጡ ሴት ናቸው፤ ማን ነው አሁን ይውረዱ የሚላቸው?

በሉ፣ ሽንኩርቱም አለቀ። በዚህ ጨለማ ብቻዋን በእግሯ የምትሄድ እንዳትኖር። መኪናዬ ደጅ ናት፤ ሁላችሁንም አደርሳችኋለሁ። ከኋላ ተጠጋጉ። አመለወርቅ፣ "ከፊት ካልተቀመጥኩ ያጥወለውለኛል" እንዳትዪኝ።

የፊቱ ወንበር ተይዟል።