የቤንቶ ሰደርያ

ጄርቫዚዮ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ኮኮናት ሻጮቹ በካፑላና ጨርቅ ሸፍነውታል። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ጀማሪዎችን ባህር ሲያጠልቅ የኖረ ሰው፣ በአስራ ሁለት ሜትር ጥልቀት አየር አጥቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ሳምባው ፈነዳ። ሐኪሙ ያለው ይኸንኑ ነው።

መንደሩ ግን ሐኪም እስኪናገር መች ጠበቀ! ገዳይዋን አግኝቷታል። ፌሊዛርዳ፣ የማሺሼ ከተማዋ አስተማሪ፣ ለዕረፍት መጥታ ያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር የወረደች። ሻርክ አይታ ደነገጠች፣ የጄርቫዚዮን የአየር ቱቦ ከአፉ ነቀለች፤ አለቀ። ፖሊስም ይዟት ጣቢያ አስቀመጣት፤ በማግስቱ ከሰዓት ወደ ኢንሃምባኔ እስር ቤት ልትሄድ ነው።

ኢንስፔክተር ኦሊንዳ ጉይላምባ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጣቢያው ገባች።

«ሻርክ ትፈሪያለሽ?» አለቻት ፌሊዛርዳን።

«ማን የማይፈራ አለ? ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጄርቫዚዮ ነው ያደፋፈረኝ። ‹ስታዪው ተንበርከኪ፣ እጅሽን አጣጥፊ፣ በቀስታ ተንፍሺ› አለኝ።»

«መጣ?»

«መጣ። በፊቴ አለፈ። እንዴት እንደሚያምር ቢያዩት!» ደንግጣ አፏን ያዘች፤ ሰው ሞቶ ስለ ውበት ማውራቷ አሳፈራት። «ከዚያ ከኋላዬ ሰው ትከሻዬን ጨመደደኝ። ጄርቫዚዮ ነው፤ ዓይኑ ፈጧል። ትርፍ ቱቦዬን ላቀብለው ስል ለቆኝ ወደ ላይ ተፈተለከ።»

«የሱን የአየር ሲሊንደር ማን ከፈተው?»

«ራሱ። ጀልባው ላይ አየሩን ሦስቴ በኃይል ስቦ መለኪያውን አሳየኝ። ‹መርፌው ከተርገበገበ ማዞሪያው በደንብ አልተከፈተም ማለት ነው፤ የኔን እዪ፣ ንቅንቅ አላለም› አለኝ። ከዚያ ጀልባ ነጂው ጋሼ ዜፋንያስ እንደ ልማዱ የሁላችንንም ሲሊንደር ከኋላ መታ መታ አደረገ። እኔንም ‹አይዞሽ ልጄ› አለኝና ወደ ውሃው ተገለበጥን።»

ቀጥሎ የጄርቫዚዮ የጠላቂ ማሠልጠኛ ቤት ሸሪክ ዲኒስ ተጠየቀ። ጄርቫዚዮ ቢሞት ቤቱ የሱ እንደሚሆን አገር ያውቃል፤ እሱም አገር ማወቁን ስለሚያውቅ ይቁነጠነጣል።

«ታች ተያይዘው ነበር፣ አብሬያቸው ጠልቄ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ቱቦውን ስትነቅል አየህ ወይ?»

«ተያይዘው ነበር አልኩ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። የሟቹን ዕቃ ማን አወለቀ?»

«እኔ፣ እዚያው ውሃው ላይ። ከጀልባው ጎን አስሬ አመጣሁት፣ ፖሊስ ወሰደው። ሌላ ሰው አልነካውም።»

የጀልባ ነጂው ዜፋንያስ መሪው አጠገብ ሆኖ ገመድ ይጠቀልላል። ኦሊንዳ ጀልባው ላይ ወጥታ በነጂው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል ሽማግሌው ብድግ አለ።

«እዚያ ላይ አይቀመጡ!»

«ምነው?»

«እርጥብ ነው።»

ደረቅ ነበር። ወንበሩ ላይ እንደ ትራስ ተጣጥፎ የታሰረ አሮጌ የጠላቂ ሰደርያ አለ። ፈታችው። አንገትጌው ላይ «ቤንቶ» የሚል ስም በክር ተሰፍቷል።

«ቤንቶ ማነው?»

«ታናሽ ወንድሜ። የዛሬ አራት ዓመት ከጄርቫዚዮ ጋር እንደጠለቀ ቀረ። ሻርክ በላው አሉ።»

«አሉ?»

«አሉ» አለና ፊቱን ወደ ባህሩ አዞረ። ኦሊንዳ ሰደርያውን ሁለቴ አገላብጣ አየችና አጣጥፋ መለሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው አሸዋ ላይ ተጎተተ። ኦሊንዳ ፌሊዛርዳን፣ ዲኒስንና ዜፋንያስን እንደ ትናንቱ በየቦታቸው አስቀመጠች፤ የሟቹን ሲሊንደር ራሷ አዝላ በሟቹ ቦታ ተቀመጠች። መንደሩ በሙሉ ከቦ ያያል።

«የፈራ ጀማሪ አየር ይጠጣል፤ ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ ሲሊንደሩን ባዶ ያደርገዋል። የፌሊዛርዳ ሲሊንደር ግን ከግማሽ በላይ አየር አለው። ዲኒስ፣ ተሳሳትኩ?»

ዲኒስ መለኪያውን አይቶ ጆሮውን አከከ። «አልተሳሳቱም። እኔ እንኳ ከሷ የበለጠ ጨርሻለሁ። አልፈራችም።»

«የዚህ ሲሊንደር ማዞሪያ ደግሞ ሩብ ዙር ብቻ ነው የተከፈተው። ላይ ሆነው ሲስቡ ይበቃል፤ ሲወርዱ ያንቃል። ጄርቫዚዮ ግን ጀልባው ላይ ሞክሮታል፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የተዘጋው ከሞከረ በኋላ፣ ውሃ ከመግባቱ በፊት ነው። ማዞሪያው ከጀርባ ነው። ዲኒስ፣ ና ዝጋው!»

ዲኒስ ከጀልባው አፍንጫ ሊነሳ ሞከረ። በጀርባው ሲሊንደር፣ በእግሩ መዋኛ ጫማ፤ ተንገዳግዶ በቂጡ ቁጭ አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ፌሊዛርዳ ከፊት ለፊት እጇን ዘረጋች፤ ኦሊንዳን ካላቀፈቻት በቀር ማዞሪያው ጋ አትደርስም።

«ጋሼ ዜፋንያስ፣ እስቲ እንደ ልማድዎ መታ መታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሳቁ ቆመ።

«ሻርክ የበላው ሰው ሰደርያ አንድ የጥርስ ምልክት እንኳ የለውም» አለች ኦሊንዳ በቀስታ። «ከየት አገኙት?»

«ዓሣ አጥማጆች በመረብ አወጡት፣ ባለፈው ክረምት!» አለ በንዴት። «ለጄርቫዚዮ ይዤለት ሄድኩ። ‹አየር አልቆበት የኔን ለመነኝ፣ ለሁለት አይበቃንም ብዬ ጥዬው ወጣሁ› አለኝ። ‹እባክዎ ጋሼ፣ ሻርክ በላው ይባል፤ የሞተ አይመለስ› አለኝ! ወንድሜን እንደ ውሻ ጥሎ! እኔም ሰደርያው ላይ እየተቀመጥኩ ጀልባውን ነዳሁለት፤ በየቀኑ ያየው ነበር። የወንድሜን ጭንቅ ይቅመሳት አልኩ፣ ቀመሳት። ደሜን መለስኩ፤ አልጸጸትም!»

«እሰይ! የእጁን አገኘ!» አለ ከሕዝቡ መሃል አንዱ።

ኦሊንዳ ሲሊንደሩን ከጀርባዋ አወረደች። «እሱ በሻርክ አላከከ፤ ሻርክ አፍ የለው። እርስዎስ በማን አላከኩ? ትናንት ይቺን ልጅ ፖሊስ ሲወስዳት እዚሁ ቆመው ያዩ ነበር። ‹አልነካችውም› የምትል አንዲት ቃል ተነፈሱ?»

ዜፋንያስ ወደ ፌሊዛርዳ ዞረ። «ልጄ፣ ይቅር…»

«ሻርኩ አጠገቤ ሲያልፍ አልፈራሁም» አለች ፌሊዛርዳ እንባዋ እየወረደ። «ለምን እንዳልፈራሁ ያውቃሉ? ‹አይዞሽ ልጄ› ስላሉኝ ነው። ለካ የሱን አየር በዘጉበት እጅ ነው እኔን መታ መታ ያደረጉኝ።»

ሽማግሌው ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ለካቴናው ዘረጋው።