ካርቶን ሥር የቀረ ሣር

ሟቿ የተገኙት በገዛ አትክልት ቦታቸው ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው የመደቡ ጠርዝ ድንጋይ ላይ አርፎ ነው። ከሥራቸው የረጠበ ካርቶን ተነጥፏል። የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ማሸጊያው ያልተከፈተ አዲስ የሣር መቀስ አለ። «አንሸራቷቸው ነው» አለ ሰፈሩ። ፖሊሱ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ፣ ትናንት «ቤቱ ይሸጥ» ብላ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ የተሰማችውን ልጃቸውን በካቴና አስሮ ጣቢያ ሊወስዳት ቸኩሏል።

መርማሪው ቆይ እስቲ የደረሰው ይሄኔ ነው። ስሙ አይደለም፤ ሁሉም «አለቀ» ሲል እሱ «ቆይ እስቲ» ስለሚል አለቆቹ በንዴት ያወጡለት ቅጽል ነው።

ግቢው ለዓመታት ሣር ብቻ ነበር። የሟቿ ባል ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የተከሉት ሣር ነው። ባልየው ካረፉ በኋላ ውሃው እየጠፋ ሲያስቸግር ሴትዮዋ ቆርጠው ተነሡ። ሣሩን ካርቶን አለበሱት፣ በላዩ ብስባሽ ደለደሉ፣ ጎመንና ካሮት፣ ድርቅ የሚችሉ የአገሩን ቁጥቋጦዎችም ተከሉ። የጣሪያውን ውሃ በበርሜል አጠራቀሙ።

«ካርቶኑን እንዴት ነበር የሚያነጥፉት?» አላት ጎረቤትየዋን።

«ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እንደ ጨርቅ እስኪልፈሰፈስ ነዋ! ግቢው ቆሻሻ መጣያ መሰለ ብዬ ተጣልቻቸዋለሁ። ግን ሰው አልገድልም።»

«ማን ገደልሽ አለሽ?»

«አስተያየትህ!»

ቆይ እስቲ ሬሳው የነበረበትን ካርቶን ገለበጠው። ላይኛው ፊቱ ርሷል፤ የሥረኛው ፊቱ ደረቅ ነው። ከሥሩ ያለው ሣር ቢጫ መሆን ሲገባው ለምለም ነው፤ ጫፉም እኩል ተከርክሟል። ቀና ሲል የልጅቷ አጎት መስኮት ፊት ለፊቱ ነው።

አጎትየው፣ የባልየው ታናሽ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሚኖሩት ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። «ካርቶን ከለበሰ ወዲህ እግሬም አልረገጠው» አሉ። «ያ ሣር ሲሞት ማየት አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ ይቺን ክር ይቁረጡልኝ» አለ መርማሪው የተንጠለጠለ የኮቱን ቁልፍ እያሳየ።

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው መቀስ አወጡ። መቀሱ ክሩን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። ተሸማቀው መልሰው ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። እርስ በርስ በጎሪጥ ይተያያሉ።

«ሟቿ ካርቶን ሳይዘፈዝፉ አያነጥፉም» ሲል ጀመረ። «ይኼኛው ከላይ ብቻ ውሃ ተደፍቶበታል። ያነጠፈው ሌላ ሰው ነው፤ ‹አንሸራቷቸው› እንዲባል። ከሥሩ ያለውን ሣር ደግሞ አንድ ሰው በድብቅ እየገለጠ ብርሃን ያስመታው፣ ይከረክመውም ነበር። ልጅቷ ቤቱን ልትሸጥ ነው፤ ለአንዲት ጥግ ሣር ምን አስጨነቃት? ጎረቤትየዋም አጥር ዘላ ሣር አትከረክምም።»

«እሰይ!» አለች ጎረቤትየዋ።

«ልብስ ሰፊ የጨርቅ መቀሱን ወረቀት እንኳ አያስነካም። የእርስዎ ግን ክር አቃተው። ምን ሲቆርጥ ዶለዶመ፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ። «ወንድሜ በእጁ የተከለው ነው። አንዲት ጥግ ብቻ ትትረፍልኝ አልኩ። ዛሬ ማለዳ ስከረክም ከኋላዬ መጣች። እጇን ሽርጧ ኪስ ስትከት መንቀያ አውጥታ ሣሩን ልትነቅልብኝ መሰለኝ። ገፋኋት፤ ጭንቅላቷ ድንጋዩን መታ። አሮጌው ካርቶን ተበጣጥሶ ስለነበር ቶሎ አዲስ አነጠፍኩና ውሃ ደፋሁበት። ከዚያ እሷን መልሼ አስተኛኋት።»

«አጎቴ!» አለች ልጅቷ። «እኔ ልታሰር ስል ዝም አልከኝ?»



«ቆይ እስቲ» አለ መርማሪው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አዲሱን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከሁሉም ያልተዋጠልኝ ይኼ ነው። ሣሯን የቀበረች ሴት የሣር መቀስ ምን ያደርግላታል?»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «ትናንት ነው የገዛችው። ለማን ነው ስላት፣ ‹ለአንድ ግትር ሰው፤ ጥሩ መቀሱን እየገደለው ነው› አለችኝ። እኔ እኮ የቀልዷን መስሎኝ…»

ፖሊሱ ካቴናውን ከእጇ ፈታ። ሽማግሌው መቀሱን አንሥተው ማሸጊያውን መክፈት ጀመሩ።

«እንደምከረክመው ታውቅ ኖሯል?» አሉ።