የማሙሽ ልብ ምን ይላል?

እስቲ ጆሮ ሁሉ ወዲህ ይጠጋ። እናኑ ወንድም ተወለደላት።

ማሙሽ ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ። የእናኑ ካልሲ ውስጥ ቢተኛ ለትራሱም ቦታ ይተርፋል።

«በቃ፣ ቤት እንውሰደው» አለች እናኑ።

«ቆይ የኔ ቆንጆ» አለች ነርሷ፣ ሲስተር ዝናሽ። «እናትሽ ሆድ ውስጥ ሳለ ምግብ በደንብ አልደረሰውም። ልቡ ብዙ ለፍቶ ይሆናል። ደህና መሆኑን ሳናውቅ አይሄድም።»

ከተረከዙ ትንሽ ጠብታ ደም ወሰደች። «ልቡ ደክሞት እንደሆነ ይቺ ጠብታ ትነግረናለች።»

«እኝ! እኝ!» አለ ማሙሽ።

ከዚያ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አደረገች። እናኑ ትንፋሿን ዋጠች።

ኳ! ኳ! ኳ!

በሩ ተከፈተ። የሰፈሩ ሰው አራስ ሊጠይቅ ግልብጥ ብሎ መጣ። ፍየሎቹ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም መንገድ ጠፍቷቸው ነው።

«እልልልልል!»

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ማዶ ሰፈር ያለች ዶሮ ደንግጣ ሳታስበው እንቁላል ጣለች።

«ልቡ አልሰማ አለኝ» አለች ሲስተር።

«እልል ያልነው እንዲደፍር ብለን እኮ ነው» አለች የእናኑ አክስት ደብሪቱ።

«ዝም በሉ እንጂ» አለ ጎረቤታቸው ጋሽ አለኸኝ። የእሱ ዝም በሉ ግን በሬ ያባርራል።

«እሽሽሽ!» አለ ሁሉም። ይሄ ደግሞ ከእልልታው ባሰ።

እናኑ ዞር ስትል አክስቷ ለአራሷ ያመጣችውን ገንፎ አየች። የገንፎው ሳህን ጋራ ያክላል።

«አክስቴ፣ አፍሽን ክፈቺ።» ጉርስ!

«ጋሽ አለኸኝ፣ አፍዎን ይክፈቱ።» ጉርስ!

ጉርሻ እምቢ አይባል። ጉርስ! ጉርስ! ጉርስ!

አፍ ሁሉ ሞላ። ጉንጭ ሁሉ አበጠ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዱብ ዱብ። ዱብ ዱብ።

ሲስተር ማዳመጫውን እናኑ ጆሮ ላይ አደረገችላት። ዱብ ዱብ። ዱብ ዱብ።

«ሮጦ ነው እንዴ የመጣው?» አለች እናኑ።

«የሕፃን ልብ እንዲህ ነው፤ ይፈጥናል» አለች ሲስተር።

የደሙም ውጤት መጣ። ሲስተር አየችው፤ ፈገግ አለች። «ልቡ ጎበዝ ነው። ውሰዱት። ጡት ይጥባ፣ እናቱ ደረት ላይ ይሙቅ። እያመጣችሁም አሳዩኝ።»

«የኔስ ገንፎ?» አለች እናቷ ከአልጋው። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ማሙሽን ደረቷ ላይ አስተኛችው፤ በጋቢ ሸፈነችው።

እናኑ አጠገባቸው ተጋደመች። «እኔ ነኝ የማስተኛው» አለች። ጆሮዋን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

ዱብ ዱብ። ዱብ ዱብ።

አባቷ ቀስ ብሎ ብቅ አለ። «ተኛ?»

«አልተኛም» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «አስተኚዋ ግን ተኝታለች።»