የስድስት ወር ልክ

«አምስት ደቂቃ ይቀርሻል፤ እንዳትነሺ!» አለች እናቷ ሰፍታ የጨረሰችውን ቀሚስ በክንዷ አንጠልጥላ ደረጃውን እየወረደች። «ይቺን ለደንበኛዬ አድርሼ መጣሁ።»

ሚጣ አልተነሳችም። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ግራ ቅልጥሟን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ቅባቱን ተቀብታለች፤ ቫይታሚኗንም ውጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እንደ ታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ መሰጣት ከጀመረች ደግሞ ስድስት ወሯ።

ለምጽ ነው። ሐኪሟ ስታስረዳት «የሰውነትሽ ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቀለምሽን እንደ ጠላት ያባርረዋል» ብላታለች። ነጩ ቦታ በየወሩ እንዲለካም አዘዘች። በስድስተኛው ወር ጠብቦ ከተገኘ በዚሁ ይቀጥላሉ፤ ከሰፋ መድኃኒቱ ይቀየራል። እንዴት እንደሚለካ ግን ለልብስ ሰፊ አይነገርም። እናቷ በየወሩ ነጩ ቦታ ላይ ስስ ወረቀት ታነጥፋለች፣ ዙሪያውን በእርሳስ ታሰምራለች፣ ቆርጣ ቀኑን ትጽፍበታለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሚጣ ዓይኗን ጨፍና ነው። ቅልጥሟን ማየት ከተወች ቆይታለች፤ የምታየው ወረቀቱን ነው። ስድስቱ ሲደረደሩ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳሉ። «አየሽ፣ ጠበበ!» ትላለች እናቷ፤ ሚጣም ያን ቀን እራቷን በደንብ ትበላለች።

ቀጠሮው ነገ ነው። የመረብ ኳስ ጓደኛዋ «ጀለስ፣ እስከ መቼ በሱሪ ትጫወቻለሽ?» ስትላት፣ «በሚቀጥለው ወር ቁምጣ ባልለብስ ምን አለች በዪኝ!» ብላ ፎክራለች።

ስድስቱ ወረቀቶች ለነገ ተዘጋጅተው አጠገቧ ናቸው፤ የመጨረሻው የተቆረጠው ከትናንት ወዲያ ነው። ስንት እንደቀራት ለማየት ብላ ቅልጥሟ ላይ አስቀመጠችው። ነጩ በዙሪያው ጣት የሚያህል ተርፎ ወጣ። ወረቀቱን አዞረችው፤ አሁንም አልሸፈነውም። ያኔ ጠርዙን አየች። እናቷ ስትቆርጥ ሁልጊዜ ከመስመሩ ውጪ ትንሽ ታስተርፋለች፣ እጇ የለመደው ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የእርሳሱ መስመር ዙሪያውን ይታያል። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ግን መስመር የሚባል የለም፤ ተቆርጦ ተጥሏል።

እናቷ ስትመለስ ሚጣ ወረቀቱን ከእግሯ ላይ አላነሳችውም።

«እማ፣ ይሄ የኔ ልክ ነው?»

እናቷ ወረቀቱን አየች፣ እግሩን አየች፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንዴ ቁረጡ» እያለች ተለማማጆቿን የምታሰለቸው ሴትዮ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ትለካ ጀመር።

«በሁለተኛው ወር ሰፍቶ አገኘሁት» አለች። «አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ ‹ጠበበ?› አልሽኝ። ምን ልበልሽ? አንጀቴ አልቻለም። በሚቀጥለው ይጠባል፣ ያኔ እውነቱ ይደርስበታል ብዬ ነበር፣ እናቴ።»

«ነገ ሐኪሟስ?»

«ለብቻዋ ልነግራት ነበር።»

«እኔስ? እግሩ የኔ አይደል? ሰው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ጅል ልሁን?» ጮኸች፤ ከዚያ አለቀሰች። እናቷም አለቀሰች። አንዷ ሌላዋን አላባበለችም።

ፀሐዩ ከበረንዳው ላይ ሲሸሽ ሚጣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደ ቤት ገብታ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ቁራጭ ስስ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ተመለሰች። እናቷ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው። እኔው ራሴ።»

ወረቀቱን ቅልጥሟ ላይ አነጠፈችና እርሳሱን በነጩ ዳር ዳር ነዳችው። መስመሩ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ሲወርድ ወረቀቱ አለቀ።

«እማ፣ አልበቃም» አለች። «ሌላ ቀጥዪልኝ።»