በሐሸንጌ ቁልቁለት የጠፋው ታኮ

የሓየሎም አስከሬን መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል በደረሰ ማግስት ኢንስፔክተር ኣብርሀት ሓድነት ሰፈር ወደሚገኘው የሟቹ ወንድም ቤት ሄደች። አቶ ገብረተንሳኤ ወንበር እንኳ አላቀረበላትም።

«ገዳዩ ታስሯል። ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

የታሰረው አብዱልወዱድ ከወሎ መጥቶ መቀሌ የሚኖር ሹፌር ነው። የገብረተንሳኤን ልጅ ወይኒን ለማግባት ሽማግሌ ቢልክ አባቷ «እስላም ቤቴ አይገባም» ብሎ መለሰበት። ሓየሎም ሁለቱን ላቀራርብ ብሎ ቤተሰቡን አብዱልወዱድ በሚነዳት ላንድክሩዘር ወደ ሐሸንጌ ሐይቅ ይዞ ወጣ። በጥድ ደኑ መሐል ቁልቁል በሚወርደው አቧራማ መንገድ ላይ ለዕረፍት ቆሙ። መኪናዋ ከቆመችበት ተንሸራታ ገደል ገባች፤ ከኋላ ወንበር የተኛው ሓየሎምም ሞተ።

«የእጅ ፍሬን አልያዘም። ጎማው ሥርም የድንጋይ ታኮ አላደረገም» አለ ገብረተንሳኤ።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጫካ ውስጥ፣ ብቻዬን። መኪናዋ አጠገብ አልደረስኩም።»

ሚስቱ ኣስካል ቀስ ብላ ተናገረች። «ሓየሎምን መንገዱ አጥወልውሎት ተኛ። ሹፌሩ ጃኬቱን ሰጠው፤ አቧራ እንዳይገባበት ፊቱን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ከጥዶቹ ጀርባ እንደተቀመጥኩ መኪናዋ ወረደች። ባለቤቴ ‹ሹፌሩ እንደተኛ ገደል ገባ!› እያለ መጣ።»

ወይኒ ያወራችው ደጅ ከወጡ በኋላ ነው። «እኔና አብዱልወዱድ ውኃ ልንቀዳ ወርደን ነበር። ታኮውን ሲያደርግ አይቻለሁ።»

ኣብርሀት ቦታው ድረስ ሄደች። የጎማ ጥቁር የታተመበትን ድንጋይ ከመንገዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ አንድ ጥድ ሥር አገኘችው። ተመልሳ ሁሉንም ሰበሰበች፤ አብዱልወዱድም በካቴና መጣ።

«ይኼን ሰው ቤቴ ያስገባሽው በማን ፈቃድ ነው?» አለ ገብረተንሳኤ።

«ይስሙኝ። ቁልቁል የምትሄድ መኪና ድንጋይ ሽቅብ አትወረውርም። ሰው አንሥቶ ጥሎታል፤ ፍሬኑንም ፈትቷል። ግን ሓየሎምን የሚጠላ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ገዳዩ ጃኬቱ ሥር ማን የተኛ መስሎት ነበር ብዬ ጠየቅኩ። አብዱልወዱድ ጃኬቱን የሰጠው ራሱ ለሓየሎም ነው። ወይኒ ከእሱ ጋር ነበረች። ኣስካል ፊቱን የሸፈነችው ራሷ ናት። ሦስቱም የተኛውን ያውቃሉ።»

«እኔም…»

«እርስዎ ‹ሹፌሩ እንደተኛ› አሉ። ጫካ ውስጥ የነበረ ሰው፣ መኪናዋ ውስጥ የተኛ መኖሩን በምን አወቀ? ጃኬቱን በመስኮት አይተው ነው።»

ገብረተንሳኤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ሓወይ» አለ እያለቀሰ በትግርኛ፣ ወንድሜ እንደማለት። «ፊቱን ገልጬ ባየው ኖሮ…»

«ገልጠህ አብዱልወዱድን ብታገኝ ኖሮ ዛሬ አታለቅስም ነበር» አለችው ወይኒ።